ጎንደር ለጸሐፊ አትጠብም፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ እየተዘዋወረ ነው። ብሎግ መጻፍ ለሚጀምሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ምክር ነው። ጸሐፊው በ3 ወር 10 ሺህ ተከታይ ማፍራት ይቻላል ይላሉ። መንገዱንም በ7 ነጥብ አስቀምጠዋል። በቀን 3 ጊዜ ለጥፉ። በእንግሊዝኛ ጻፉ። የሰሞኑን አጀንዳ ብቻ ተከተሉ። ስለ ሰፈራችሁ አትጻፉ። ረጅም ጽሑፍ ተዉ። ተከታይ ተለዋወጡ። ገንዘቡን ከመጀመሪያው አስቡ። በምሳሌነት ያነሷትም የእኛኑ ከተማ ናት። ጎንደር ተቀምጦ ስለ ጎንደር የሚጽፍ ሰው ከጎረቤቱ በቀር አንባቢ አያገኝም የሚል ነው ሐሳባቸው።

ጽሑፉን የላከችልኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስለ ከተማዋ የምትጽፍበት ቻናል ልትከፍት ተዘጋጅታ ነበር። ይህን ካነበበች በኋላ ግን ማመንታት ጀምራለች። እኔን የቆረቆረኝ ይሄ ነው። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ምክራቸው ግን ገና ያልጀመረውን ሰው ከደጅ ይመልሰዋል። የጀመረውንም ከሚያውቀው ጉዳይ ነጥሎ ሌላው የጻፈውን ያስደግመዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። የእሳቸውን ቅደም ተከተል አልጠብቅም፤ ከሁሉ ከከበደኝ እጀምራለሁ።

«ስለ ሰፈራችሁ አትጻፉ»

የጎንደር ሰው የት ነው ያለው? ጎንደር አለ። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ አለ። ዋሽንግተን አለ። እስራኤል አለ፤ ከወለቃና ከሌሎች የጎንደር መንደሮች የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆቻቸውን በዕብራይስጥ ቢያሳድጉም ትልልቆቹ ዛሬም የሚጨዋወቱት በአማርኛ ነው። እነዚህ ሁሉ ማታ ስልካቸውን ሲከፍቱ የዓለሙን ዜና ከፈለጉበት ያገኙታል። የማያገኙት የአገራቸውን ወሬ ነው። ፒያሳ ላይ ምን ፈረሰ፣ ምን ተሠራ? አዘዞ ታክሲ እንዴት ነው? ዘንድሮ ጤፍ ስንት ገባ? ይህን አጣርቶ፣ አሳምሮ የሚጽፍላቸው ሰው ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም አንድ ሲያገኙ አይለቁትም።

እዚሁ ከተማው ውስጥ ያለውንም አንባቢ አንርሳ። ውሃውን ብቻ እንይ። ጎንደር ለዓመታት የኖረችው በአንገረብ ግድብና በጉድጓድ ውሃ ነው። ግድቡን ደለል ይሞላዋል፣ ሕዝቡ ይበዛል፣ ውሃው በፈረቃ ይሆናል። የመገጭ ግድብ ደግሞ ስንት ዓመት የተጠበቀ ነገር ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት በሰፈሩ ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት እየመዘገበ በየሳምንቱ ይለጥፍ እንበል። ስንት ሰዓት መጣ፣ ስንት ሰዓት ሄደ፣ ጠራ ወይስ ደፈረሰ። ቢጫ ጀሪካን ደርድራ የምታድር እናት ይህን ቻናል ትከተለዋለች። ለጎረቤቷም ትልከዋለች። ወር ሲሞላ መዝገቡ ራሱ ጽሑፍ ይወጣዋል፦ የትኛው ሰፈር በስንት ቀን አንዴ ያገኛል፣ ከታወጀው ፈረቃ ጋርስ ይገጥማል? ይህን ማንም ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊጽፈው አይችልም። ከጎንደር ልጅ እጅ ብቻ የሚወጣ ነው።

እርግጥ ነው፣ ስለ ጎንደር የሚጻፈው ብዙው አይነበብም። ጸሐፊው ይህን አይተው ከሆነ ያዩት ልክ ነው። ምክንያቱን ግን ከተማዋ ላይ ጣሉት። እኔ እንደማየው ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ቆረቆሩ። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ጥንታዊት፣ ታሪካዊት፣ ውብ ከተማ። ይህን የአገሬው ሰው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሰምቶታል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ጣቱ ወደ ሌላ ያልፋል።

ጥምቀት ሲደርስ ያለውን ነገር እዩት። ከሁሉም ስልክ የሚወጣው አንድ ፎቶ ነው፦ የፋሲለደስ ገንዳ፣ ሰገነቱ፣ የሚዘልሉት ወጣቶች። ገንዳው ግን በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይገባና ቀስ እያለ ቀናት ወስዶ ይሞላል። ማን ያጸዳዋል? ቦዩ ሲዘጋ ማን ይከፍተዋል? እነዚያ ግንቡን ቆንጥጠው የያዙት የዛፍ ሥሮች ላይ ወጥተው የሚቀመጡትስ ልጆች ቦታ ለመያዝ ስንት ሰዓት ይነሳሉ? ከበዓሉ ቀደም ብሎ ሄዶ አንድ ከሰዓት እዚያ የቆመ ጸሐፊ ማንም ያልያዘውን ነገር ይዞ ይመለሳል።

ከዚህም ቀለል ያለ አለ። ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ ተራ ግቡ። የለመደች እናት ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ዛላ አታነሳም። እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ ከመሐል ታወጣለች፤ ላይ ላይ ያለው ተመርጦ የተደረደረ ሊሆን ይችላል። ዛላውን ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ትነቀንቀዋለች። ፍሬው ከተንሿሿ ደርቋል። ዝም ካለ እርጥበት አለው፤ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ገብቶም ይሻግታል። ከዚያ ሰበር አድርጋ ውስጡን ታያለች፤ ሻጋታ ካለ የሚታየው እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ታሸተዋለች፣ ያስነጥሳታል፣ ዋጋ መጠየቅ የምትጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን በ10 አጫጭር ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው አንባቢው ጎረቤቱ ብቻ ነው? አዲስ ጎጆ የወጣች የናዝሬት ልጅ ታነበዋለች። ሚኒሶታ ሆኖ የእናቱ ሽሮ የሚናፍቀውም ያነበዋል። ለእህቱም ይልከዋል።

በአታ ቤተ ክርስቲያንም ሂዱ። የጎንደር በአታ ለአቋቋም፣ ማለትም ለማኅሌቱ ዝማሬና ሽብሸባ፣ ትምህርት ስሟ የገነነ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ከሩቅ አገር የሚመጣው እዚህ ለመመስከር ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት ስልት ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ፣ ጽናጽሉና መቋሚያው እንዴት እንደሚገናኙ፣ የኔታን ጠይቆ ለማያውቅ ሰው በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ ብዙ ሰው ይፈልጋል። በዓመት በዓል ማኅሌት ቆመው ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ የሚፈልጉ ምእመናን ሞልተዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ባገኝ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

«በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ሚዲየምና ተምብለር ላይ ክፈቱ»

ሁለቱም የብሎግ መድረኮች ጥሩ ናቸው። ተምብለር በ2007፣ ሚዲየም በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመሩ ናቸው። የሚዲየም መሥራች ኢቫን ዊሊያምስ ከዚያ በፊት ብሎገርንና ትዊተርን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጥያቄው የት አገር ያለ አንባቢ እዚያ ይጠብቃችኋል የሚለው ነው። ሚዲየም አዲስን ጽሑፍ ለማያውቀው አንባቢ የሚያደርስበት አንዱ መንገድ የርዕስ መለያ ነው፤ ለአንድ ጽሑፍ እስከ 5 ድረስ ታደርጋላችሁ። በእንግሊዝኛ «ጉዞ» ወይም «ሕይወት» ብላችሁ ስትለጥፉ ግን ከመላው ዓለም ጸሐፊ ጋር ትጋፋላችሁ። አብዛኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚጽፍ ነው። በአማርኛ ስትጽፉ አፍ መፍቻ ያለው እናንተ ናችሁ።

እንግሊዝኛ የሚጠቅመው ሰው አለ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። አስጎብኚ ከሆናችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመጣ ፈረንጅ የሚጠይቃችሁን ታውቁታላችሁ። ሳንቃበር ካምፕ ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ከግጭ ካምፕ እስከ ጨነቅ ካምፕ በእግር ስንት ሰዓት ነው? ዋልያ የት አካባቢ ይታያል? ጭላዳ ዝንጀሮው ሰው ይፈራል? ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ጠያቂው ከያለበት ነው። ደባርቅ ሆኖ ለእነዚህ ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ሚዲየምም ተምብለርም ላይ ቦታ አለው። ለውሃ ፈረቃው፣ ለበርበሬው፣ ለአቋቋሙ ግን አንባቢው ያለው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው። አንባቢው ወዳለበት ሂዱ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ጸሐፊው ያላነሱት አንድ የፊደል ጉዳይ አለ። ሰው ሲፈልግ «ጎንደር» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ጐንደር» ይላል። ለዓይን አንድ ነው። ለስልኩ መፈለጊያ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓመትና አመት እንዲሁ። መለያ ስትጠቀሙ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አጻጻፍ ምረጡና ሁልጊዜ እሱኑ ያዙ። ቻናሉን ስትሰይሙም በቀላሉ የሚጻፍ ስም ስጡት። ሊንኩን በእንግሊዝኛ ፊደል ስታወጡ አጭር ይሁን፤ ሰው በስልክ ሲነግር የሚሳሳትበት ከሆነ ጠፋባችሁ ማለት ነው።

«በቀን 3 ጊዜ ለጥፉ»

ይህ ምክር ጎንደር ላይ ኖሮ ከሚያውቅ ሰው የመጣ አይመስለኝም። መብራት ይጠፋል። ዳታ ይደክማል። ከዚያም በላይ ደርሶብናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ለወራት ቆዩ። እሱ ሲለቀቅ ደግሞ በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ብዙ ጥሩ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በቀን 3 ጊዜ መለጠፍን የሥራው መለኪያ ያደረገ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ተስፋ ይቆርጣል። ሥራው ያከተመለት ይመስለዋል።

ኔትወርኩ ደኅና ቢሆንስ? ያኔም ምክሩ ለቴሌግራም አይሆንም። ፌስቡክ ለማን ምን እንደሚያሳይ ራሱ ይመርጣል፤ አብዝቶ የሚለጥፍ ሰው አንዳንዱ ቢያልፈው አንዳንዱ ይደርስለታል። የቴሌግራም ቻናል ግን የለጠፋችሁትን ሁሉ ለተከታዩ ሁሉ ይልካል። በቀን 3 ጊዜ ስልኩ ጢን ሲልበት መጀመሪያ ድምፁን ያጠፋል፣ ቀጥሎ ይወጣል። ዳታው ተቋርጦ በወሩ ሲመለስ 90 መልእክት ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ማን ይከፍተዋል? በሳምንት አንድ የምትለጥፉ ከሆነ ግን 4 ጽሑፍ ያገኛል። አራቱንም ቁጭ ብሎ ያነባል።

እኔ የምመክረው የታወቀ ቀን መያዝን ነው። ሐሙስ ማታ ከሆነ ሐሙስ ማታ ይሁን። ከራት በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ሥራ ጨርሶ፣ ልጅ አስተኝቶ ስልኩን የሚይዝበት ሰዓት ነው። ቴሌግራም ጽሑፍን አስቀድሞ ቀጠሮ አስይዞ የማስቀመጫ መንገድ አለው። መላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ይመጣል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትገኙ የቀጣዮቹን ሳምንታት ጽሑፍ ጭናችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ሙሉ። ከዚያ በኋላ የእናንተ ስልክ ቢዘጋም፣ ሰፈሩ ቢጨልምም ጽሑፉ በሰዓቱ ይወጣል። ለዚህ እንዲሆን ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ያለቀ ጽሑፍ እጃችሁ ላይ ይኑር። ከመከፈቱ በፊት እነዚህን ጽፎ ያልጨረሰ ሰው ቻናሉን ባይከፍት እመርጣለሁ። ብዙው ቻናል የሚሞተው ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ነው።

«ረጅም ጽሑፍ ተዉ»

ሰው ረጅም አያነብም የሚለውን አልቀበልም። ሰው አሰልቺ አያነብም። እርዝመቱን የሚወስነው ጉዳዩ ነው፤ የውሃ ፈረቃው 5 መስመር ይበቃዋል፣ የአቋቋሙ ግን አይበቃውም።

ማወቅ ያለባችሁ የመድረኩን ልክ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት 4,096 ቁምፊ ይይዛል፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከፎቶ ሥር ሲሆን ግን ልኩ በተለመደው አካውንት 1,024 ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይጋጫል። ፎቶውን ያያይዛል፣ ጽሑፉ አልበቃ ይለዋል፣ ቆርጦ በ3 መልእክት ይልከዋል። ከዚያ ሰው ሼር ሲያደርግ መሐለኛውን ቁራጭ ብቻ ይልከዋል፤ ተቀባዩ ራስና ጭራው አይገባውም። ከዚህ የሚሻለው ቴሌግራፍ በሚባለው በቴሌግራም የራሱ ገጽ ላይ ሙሉውን ጽፎ ሊንኩን ቻናሉ ላይ ማድረግ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ተከፍቶ ሳይንቀራፈፍ ይነበባል።

ትልቁ ሥራ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ነው። ማሳወቂያው ላይ የሚታዩት እነሱ ናቸው። «ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ በርበሬ አመራረጥ ይዘን ቀርበናል» ካላችሁ መስመሩ በሰላምታ አለቀ። «በርበሬ ስትገዙ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አትመኑ» ብላችሁ ብትጀምሩ ግን ሰውየው ይከፍተዋል። ሰላምታ ባህላችን ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ቢሆን ምንም አይጎድልበትም።

«የሰሞኑን አጀንዳ ብቻ ተከተሉ»

አጀንዳ ሰው ያመጣል፤ ይህ እውነት ነው። ያመጣውን ሰው ግን ሌላ አጀንዳ ይወስደዋል። ከእናንተ ዘንድ የሚያቆየው ነገር ከሌለ በማግሥቱ አታገኙትም።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያልጻፈ ሰው አልነበረም። ሁሉም ውጤቱን ጻፈ፣ ሁሉም ዋንጫውን ለጠፈ። ከዚያ ሁሉ መሐል የሚታወስ ካለ ጨዋታውን አይቶ የጻፈ ነው፤ የግራ ተመላላሹ መቼ እንደሚወጣ፣ አማካዩ ኳስ ሲነጠቅ ማን እንደሚሸፍንለት። እንዲህ ያለው ጸሐፊ ቡድኑ በሚሸነፍበትም ዓመት ይነበባል። ኳስ የሚወድ የፋሲል ደጋፊ ምን ልጻፍ ቢለኝ እንዲህ ጻፍ እለዋለሁ።

በዚህ ነጥብ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ሌላ ጉዳይ አለ። አጀንዳ የሚባለው በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ግጭት ነው፣ ብሔር ነው፣ ያልተጣራ ወሬ ነው። ተከታይ ለማግኘት ብሎ ይህን የሚያራግብ ሰው ሌላው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለ። ራሱንም ያስጠይቃል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከታይ ቁጥርን ራሱ ይጠቅሳል። ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተፈጸመ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ሊደርስ ይችላል። 10 ሺህ ተከታይ አፍሩ የሚል ምክር ይህን ሳያነሳ ማለፉ ያሳዝነኛል። ወጣቱ ቁጥሩን ሲያይ ደስታውን ብቻ አይይ። ሰምተው ያላረጋገጡትን «እየተባለ ነው» ብሎ መለጠፍ ከመጀመሪያው ቀን መተው ያለበት ልማድ ነው።

«ተከታይ ተለዋወጡ»

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ተከተለኝ ልከተልህ ተባብለው የገቡ ሰዎች አያነቧችሁም፤ እናንተም አታነቧቸውም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ነገሩ ይጋለጣል። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ዓይን የምትመስል ምልክት አለች፤ ስንት ሰው እንዳየው ትናገራለች። 8 ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ጽሑፉን 150 ሰው ካየው እንግዳው ገና ሲገባ ይረዳዋል። በገንዘብ የሚገዛውም ያው ነው።

ቴሌግራም ባለቤቱ ራሱ ከስልኩ ጋብዞ እንዲያስገባ የሚፈቅደው የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ነው። ያንን ዕድል ስማቸውን ለምታውቋቸው ሰዎች አድርጉት። የእድሩ ሰብሳቢ፣ የክፍል ጓደኛ፣ አክስት፣ የድሮ አስተማሪ። ደግሞም ሳትጠይቁ አታስገቡ፤ «እንዲህ ያለ ነገር እየጻፍኩ ነው፣ ላስገባዎት?» ማለት ጨዋነት ነው። ጠይቃችሁ ያስገባችሁት ሰው ማንበብ ያለበት ይመስለዋል። ካነበበ ይነግራችኋል። ከኮሜንት ግሩፑ ይልቅ በውስጥ መስመር የሚመጣው አስተያየት የበለጠ ዋጋ አለው፤ «ልጄ፣ ያ ያልሽው ቦታ እኮ ቀበሌው ሌላ ነው» የሚል አዛውንት ካገኘሽ ትልቅ ሀብት ነው። እርማቱን አውጪው። አመስግኚያቸው። እሳቸው ከዚያ በኋላ ለማኅበራቸው ሁሉ ይልኩልሻል።

ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ የገባ አንድ ጽሑፍ መንገዱን ራሱ ይዞ ነው የሚገባው። ስሙን ነክቶ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አስቡበት። አናት ላይ ፒን የሚደረገው መልእክት ስለ ምን እንደምትጽፉና መቼ እንደምትለጥፉ በ3 መስመር ይንገረው።

«ገንዘቡን ከመጀመሪያው አስቡ»

ሰው ከሥራው ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ከመጀመሪያው ቀን ግን ገንዘብን አስቦ የጀመረ ሰው መድረኩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. ስቲሚት የሚባል የብሎግ መድረክ ተጀምሮ ነበር፤ አንባቢ ድምፅ ሲሰጥ ጸሐፊው በክሪፕቶ፣ ማለትም በዲጂታል ገንዘብ፣ ይከፈለዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገንዘቡ ዋጋ ጣሪያ ነካ። በዚያው ዓመት ግን ወረደ፣ በኅዳር ወር ኩባንያው አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ። ለድምፁ ሲሉ የጻፉት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ምክንያት ጠፋባቸው።

ዛሬ ቴሌግራም ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላለው ክፍት ቻናል ከሚያሳየው ማስታወቂያ ግማሹን ገቢ ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ የሚያካፍልበት አሠራር አለው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ለአነስተኛ የአማርኛ ቻናል ግን ይህ ኑሮ የሚደጉም አይደለም። የተሻለው ገቢ እዚሁ ቅርብ ያለው ነው። ልብስ ሰፊው፣ የኮምፒውተር ጥገና ቤቱ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት የጎንደር አንባቢ ይፈልጋሉ። ሚሊዮን ተከታይ ያለው የአዲስ አበባ ቻናል ለእነሱ ምንም አያደርግላቸውም። 900 የጎንደር ሰው የሚያነበው ግን ደንበኛ ያመጣላቸዋል። ማስታወቂያ ስትቀበሉ «ማስታወቂያ» ብላችሁ ከላይ ጻፉበት። ያልቀመሳችሁትን ምግብ ጣፋጭ ነው አትበሉ። የበርበሬ አመራረጥ ስታስተምሩ ያመኗችሁ እናቶች እዚህም ያምኗችኋል።

ከ7ቱ ነጥብ ውጪ የቀረ አንድ ነገር አለ። ይህንንም ጸሐፊው ቢያክሉበት ጥሩ ነበር። ቻናል ይሰረቃል። የሚሰረቀውም ብዙ ጊዜ ሰው ሲያድግና ሲነበብ ነው። «ማረጋገጫ ኮድ ደርሶህ ከሆነ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከምታውቁት ሰው ስም ቢመጣ እንኳ አትላኩ። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። የምታምኑትን አንድ ሰው፣ ወንድም ወይም እህት፣ አስተዳዳሪ አድርጉ፤ ስልካችሁ ቢጠፋ ጽሑፉ እንዳይቆም። በኮምፒውተር የሚከፈተው ቴሌግራም የቻናሉን ጽሑፍ በሙሉ አውርዶ የማስቀመጫ መንገድ አለው፤ በየተወሰነ ጊዜ አውርዱና ፍላሽ ላይ ያዙት።